ፒሲኦኤስ እያለብኝ ማርገዝ እፈልጋለሁ፤ የትኛውን መድኃኒት ልቀጥል፣ የትኛውን ላቁም?



የዛሬው ጽሑፍ በውስጥ መስመር ለሚደርሱኝ ተመሳሳይ ጥያቄዎች መልስ ነው። ማንም እንዳይታወቅ ብዬ የብዙ እህቶችን መልእክት አንድ ላይ አድርጌ፣ ዳንግላ ከምትኖር አንዲት እህት እንደመጣ አድርጌ አቀርበዋለሁ።

"ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከዳንግላ ነው። 28 ዓመቴ ነው፣ ካገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የወር አበባዬ በሁለት ወር፣ አንዳንዴም በአራት ወር ነው የሚመጣው። ባሕር ዳር ሄጄ በአልትራሳውንድ ታይቼ ፒሲኦኤስ አለብሽ ተባልኩ። መጀመሪያ ሜትፎርሚን ታዘዘልኝ፣ ሆዴን ሲያምሰኝ ተውኩት። ከዚያ ጓደኛዬ እኔ በክሎሚድ ነው የወለድኩት ስትለኝ ከፋርማሲ ገዝቼ አራት ወር ዋጥኩ፣ ምንም የለም። አሁን ሌላ ሐኪም ሌትሮዞል ጻፈልኝ። ቤት ገብቼ ወረቀቱን ሳነበው የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው ይላል። ካንሰር አለብኝ ማለት ነው? ሳልውጠው አስቀምጬዋለሁ። አማቴ በየቀኑ ሆዴን ነው የምታየው። ባለቤቴንስ ምን ልበለው?"

ከካንሰሩ ልጀምር። እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነውና።

እህቴ፣ ካንሰር የለብሽም። ሌትሮዞል እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በእርግጥ የወር አበባ ያቆሙ ሴቶችን የጡት ካንሰር ለማከም ነው። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀትም የተጻፈው ለእነሱ ነው። እነሱ በየቀኑ ለዓመታት ይወስዱታል። ላንቺ የታዘዘው ግን በወር አበባሽ መጀመሪያ ላይ ለአምስት ቀን ብቻ ነው። መድኃኒቱ ያው ሆኖ ሥራው ሌላ ነው። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ይህ አለመጻፉና ያዘዘልሽ ሰውም ሁለት ደቂቃ ወስዶ አለማስረዳቱ ነው። እኛ ሐኪሞች እዚህ ላይ በጣም እናጠፋለን። ወረፋው ረዝሟል ብለን ማዘዣውን ጽፈን "በቃ ሂጂ" እንላለን። ሰው ቤቱ ገብቶ ብቻውን በስልኩ ብርሃን ያችን ጥቃቅን ጽሑፍ ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አናስብም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኦቫሪ ውስጥ ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን የሚያመርት ኢንዛይም አለ። ሌትሮዞል ይህን ኢንዛይም ለጥቂት ቀን ያግደዋል። ኢስትሮጅን ሲቀንስ አንጎል "ኦቫሪዎቹ ሥራ ፈትተዋል" ብሎ ኤፍኤስኤች የሚባለውን ቀስቃሽ ሆርሞን ጨምሮ ይልካል። በዚህ ቅስቀሳ ለወራት ግማሽ መንገድ ላይ ቆመው ከነበሩት ትንንሽ እንቁላሎች አንዱ (አንዳንዴ ሁለት) አድጎ ይወጣል። እንቁላሉ እስኪወጣ ድረስ መድኃኒቱ በአብዛኛው ከሰውነት ወጥቶ ያልቃል።

በነገራችን ላይ አልትራሳውንድ ላይ የታዩት "ሲስት" የሚባሉት ነገሮችም እነዚሁ ናቸው፤ ማደግ ጀምረው የቆሙ እንቁላሎች። ዕጢ አይደሉም፣ በኦፕሬሽን የሚወጡም አይደሉም። በሽታው ግን በስማቸው ተጠርቶ ቀረ። በዓለም ላይ ልጅ መውለድ በሚችሉበት ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች አንዷ ገደማ ይህ ችግር አለባት። ብዙዎቹም እንዳለባቸው አያውቁም።

"ለልጁ ጉዳት የለውም ወይ?" ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የሕክምና ጉባኤ ላይ የቀረበ ጽሑፍ ሌትሮዞል በሕፃናት ላይ የአካል ጉድለት ያመጣል የሚል ስጋት አንሥቶ ነበር። በዓመቱ ካናዳ ውስጥ በሌትሮዞልና በክሎሚድ የተወለዱ 911 ሕፃናት ታይተው በሌትሮዞል የተወለዱት ላይ የበዛ ጉድለት አልተገኘም። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶችም ይህንኑ ደግፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የዶ/ር ሪቻርድ ሌግሮ ቡድን 750 የፒሲኦኤስ ታካሚዎችን ለሁለት ከፍሎ እስከ አምስት ዙር ተከታተለ። ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶው፣ ክሎሚድ ከወሰዱት 19.1 በመቶው ልጅ ታቀፉ። በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የፒሲኦኤስ መመሪያም እንቁላል ለማይወጣላት ሴት፣ ሌላ የመካንነት ምክንያት ከሌለ፣ መጀመሪያ የሚመረጠው ሌትሮዞል ነው ይላል። ስለዚህ ሐኪምሽ ያዘዘልሽ ከመጀመሪያው ረድፍ ያለውን መድኃኒት ነው።

ግን ያንን 27.5 በመቶ ደግመሽ እይው። በአምስት ዙር ውስጥ ልጅ የታቀፈችው ከአራት ሴት አንዷ፣ ትንሽ በለጥ ቢል ነው። የመጀመሪያው ወር ላይ ፈተናው አንድ መስመር ብቻ ቢያሳይ አልሠራም ማለት አይደለም። "ዶክተሩ አታለለኝ" ብለሽ ወደ ሌላ ክሊኒክ አትሩጪ።

ሌትሮዞሉን ከመጀመርሽ በፊት የግድ መደረግ ያለበት የእርግዝና ምርመራ ነው። ወረቀቱ ላይ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም የሚለው እውነት ነው። የወር አበባሽ በአራት ወር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሳታውቂው አርግዘሽ ሊሆን ይችላል። "ለእኔ አይሆንም" ብለሽ አትዝለይው። እንዲህ ብላ መጥታ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት አይቻለሁ።

ወደ ክሎሚድ እንምጣ። ክሎሚድ መጥፎ መድኃኒት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ ከ1967 ጀምሮ ስንት ቤት በልጅ ሞልቷል። ሌትሮዞል በማይገኝበትም ቦታ ዛሬም ጥሩ አማራጭ ነው። ያናደደኝ ካለ ማዘዣ መሸጡና አራት ወር ያለ ምንም ክትትል መዋጡ ነው።

"አራት ወር ዋጥኩ፣ ምንም የለም" ስትዪኝ ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛው፣ ክሎሚዱ እንቁላሉን ጨርሶ አላወጣውም። ያኔ ያንኑ 50 ሚሊግራም አራት ጊዜ መድገም ዋጋ የለውም፤ ወይ መጠኑ ይጨመራል ወይ መድኃኒቱ ይቀየራል። ሁለተኛው፣ እንቁላሉ በየወሩ ወጥቷል፣ እርግዝናው ግን አልመጣም። ይህ ከሆነ ጥፋቱ የኪኒኑ አይደለም። የማህፀን ቱቦ ተዘግቶ ይሆናል፣ ወይም የባልሽ ዘር ፈሳሽ ችግር አለበት፣ ወይም ገና ጊዜ ያስፈልጋችኋል። ሁለቱን የሚለየው ክትትል ብቻ ነው። ኪኒኑን በወሰድሽባቸው ወራት የወር አበባሽ በ28 እና በ35 ቀን መካከል እየመጣ ነበር? ከሆነ እንቁላል ሳይወጣ አልቀረም። እንደ ድሮው ሁለትና ሦስት ወር እየዘለለ ከነበረ ግን አልወጣም። እስቲ ቀኖቹን አስታውሺ።

ክሎሚድ እየወሰዳችሁ ዓይናችሁ ብዥ ካለ ወይም ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ካያችሁ አቁሙና ሐኪም አነጋግሩ። መንታም ያመጣል። "መንታማ በረከት ነው" የምትሉኝ አላችሁ፣ ነው! ግን መንታ ብዙ ጊዜ ያለ ጊዜው ነው የሚወለደው፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ማሞቂያ ያለበት ሆስፒታል ይፈልጋል። ገጠር ላለች እህት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሐኪም ክትትልም ቢሆን ክሎሚድ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ዙር በላይ አይቀጠልም።

አሁን ሜትፎርሚን። ከሁሉም በላይ ግራ መጋባት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሜትፎርሚን የስኳር መድኃኒት ነው። ለፒሲኦኤስ የሚሰጠው ብዙዎቹ ታካሚዎች ሰውነታቸው ኢንሱሊንን በደንብ ስለማይሰማ ነው። ሰውነት ሲደነቁር ቆሽት አብዝታ ታመርታለች። የበዛው ኢንሱሊን ኦቫሪን እየነካካ የወንድ ሆርሞን ያስመርታታል፣ የእንቁላሉን እድገትም ይገታል። አገጭ ላይ የሚበቅለው ፀጉር፣ ብጉሩ፣ አንገት ላይ የሚታየው ጠቆር ያለ ቆዳ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ታዲያ ሜትፎርሚን ብቻውን ያስረግዛል? ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ የ626 ሴቶች ጥናት ሜትፎርሚን ብቻ ከወሰዱት 7.2 በመቶው ወለዱ። ክሎሚድ ብቻ የወሰዱት 22.5 በመቶ፣ ሁለቱን አንድ ላይ የወሰዱት 26.8 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ "ሜትፎርሚን እየወሰድኩ ዓመት ሆነኝ፣ ለምን አላረገዝኩም?" ለምትሉኝ መልሱ፣ እንቁላል የሚያወጣው መድኃኒት ገና አልተጨመረላችሁም የሚል ሊሆን ይችላል። ክብደት ላላት፣ ስኳሯ ወደ ላይ ለሚል ወይም ክሎሚድ ብቻውን ላልሠራላት ሴት ግን ሜትፎርሚን ጥሩ አጋዥ ነው።

ሆድሽን ያመሰሽ ምናልባት በአንዴ በሙሉ መጠን ስለጀመርሽው ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ በ500 ሚሊግራም ከእራት ጋር ተጀምሮ፣ ሳምንት ቆይቶ ቀስ እየተባለ ነው የሚጨመረው። በባዶ ሆድ ከተወሰደ ማቅለሽለሹና ተቅማጡ ይብሳል። ቀስ ብሎ የሚሟሟ ዓይነትም ስላለ ፋርማሲውን ጠይቂ። የኩላሊት ችግር ያለባት ሴት ሳትመረመር አትጀምረው።

ጾምስ? ዐቢይ ጾም ሲገባ ይህ ጥያቄ ይጎርፋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ሜትፎርሚኑን ከምግቡ ጋር ውሰጂው። ሁለት ጊዜ የታዘዘልሽ ከሆነ አንዱን ስትፈስኪ፣ ሌላውን ማታ ስትበዪ አድርጊው፤ ለሐኪምሽም ንገሪው። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በላይ የሚጥል መድኃኒት ስላልሆነ በዚህ በኩል አትጨነቂ። ሌትሮዞል ግን በምግብም ያለ ምግብም ይወሰዳል። አምስቱ ቀን "ከፋሲካ በኋላ እጀምራለሁ" ብሎ የሚገፋ አይደለም፤ የወር አበባሽ የመጣበት ቀን ነው የሚወስነው። ጸበል የምትጠጡም ጠጡ፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ። መድኃኒቱን ግን አትተዉት። የሚያሳስባችሁ ከሆነ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ብዙዎቹ "ሁለቱንም አድርጊ" ነው የሚሉት።

"ኬሚካል ከምውጥ ቅጠል ይሻለኛል" ለምትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሜትፎርሚን መነሻ ጋሌጋ የሚባል የአውሮፓ ተክል ነው። ልዩነቱ በኪኒኑ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ መታወቁ ነው። በቲክቶክ "ፒሲኦኤስን በ21 ቀን የሚያጠፋ" ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው ነገር ውስጥ ምን እንዳለ ግን ሻጩም አያውቀውም።

ለማርገዝ ስትሞክሪ መቆም ያለባቸው መድኃኒቶች አሉ። የፊት ፀጉርን ለመቀነስ የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን አንዱ ነው፤ ወንድ ፅንስ ላይ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል ከሙከራው በፊት ይቆማል። ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ከባድ የአካል ጉድለት ያመጣል፤ ካቆምሽው ቢያንስ አንድ ወር ማለፍ አለበት። ዘመድ ከውጭ የሚልከው ኦዜምፒክ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞ መቆም አለበት። ውስጡ ያለው ሴማግሉታይድ ከሰውነት ለመውጣት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ለደም ግፊት የሚወሰዱ አንዳንድ ኪኒኖችም (ኤናላፕሪል ዓይነቶቹ) ለፅንስ ስለማይሆኑ በሌላ ይቀየራሉ። እነዚህን ግን በራስሽ አታቋርጪ፤ ግፊቱ ራሱ አደገኛ ነው።

"ልጅ ፈልጌ ሄጄ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ሰጡኝ" የሚለው ቅሬታም ብዙ ጊዜ ይመጣል። ኪኒኑ የወር አበባን ያስተካክላል፣ ማህፀንን ይጠብቃል። ለፒሲኦኤስ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን ልጅ ለማትፈልግ ሴት። ምናልባት ያዘዘው ሰው ማርገዝ እንደምትፈልጊ አልጠየቀሽም፣ አንቺም አልነገርሽውም። ክፍሉ እንደገባሽ መጀመሪያ የምትናገሪው "ማርገዝ እፈልጋለሁ" የሚለውን ይሁን። የወር አበባ ለማምጣት ለጥቂት ቀን የሚሰጠው የፕሮጄስትሮን ኪኒንም እንዲሁ ነው። ደሙ መጣ ማለት እንቁላል ወጣ ማለት አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን፣ በቅርቡ የሦስት ወር መርፌ (ዲፖ) ስትወጊ ነበር? በአገራችን በብዛት የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ መርፌው ነው። ካቆምሽው በኋላ የወር አበባ ለወራት ሊጠፋ ይችላል። ከመጨረሻው መርፌ እስከ እርግዝና በአማካይ አሥር ወር ገደማ ይወስዳል። ፒሲኦኤስ ተብለው በኋላ ያለ ምንም መድኃኒት ያረገዙ ሴቶች አሉ፤ ጉዳዩ ዲፖው ነበር። ክንድ ላይ የሚቀበረው ግን እንዲህ አያዘገይም። የእንቅርት ሆርሞንም ይታይ። ደጋማው አገራችን እንቅርት የቆየ ችግሩ ነው፤ የእንቅርት ሆርሞን መዛባት ደግሞ የወር አበባን ያዛባል። አልትራሳውንድ ላይ በታየ ነገር ብቻ ፒሲኦኤስ አይባልም።

እንግዲህ ዳንግላ ሆነሽ ይህን ሁሉ እንዴት ታደርጊዋለሽ?

እርግዝና፣ ስኳርና ግፊት እዚያው ዳንግላ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ይታያል። እንጅባራ አጠቃላይ ሆስፒታል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት፣ የሆርሞን ምርመራና የማህፀን ቱቦ ራጅ ሲያስፈልግ ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ነው፤ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ። ትልቁ ችግር አልትራሳውንዱ የሚታየው በዘፈቀደ ቀን አለመሆኑ ነው። ኪኒኑን በወር አበባ ሦስተኛ ቀን ከጀመርሽ እንቁላሉ ማደጉን ለማየት የሚመረጠው ከ11ኛው እስከ 14ኛው ቀን ያለው ነው። መንገዱ በማይታመንበት በዚህ ጊዜ ቀጠሮውን ቀድመሽ ያዢ፤ አንድ ቀን እንኳ ቢዘጋ እንዲተርፍሽ 11ኛው ላይ አድርጊው። በፍጹም መሄድ ካልቻልሽ ሐኪምሽ የሚቀጥለው ወር አበባሽ ከመምጣቱ ሳምንት በፊት በሚወሰድ ደም ፕሮጄስትሮንን አይቶ እንቁላል መውጣቱን ማወቅ ይችላል። ቢያንስ የመጀመሪያው ዙር ግን ያለ ክትትል አይለፍ። በሽንት የሚደረጉት የእንቁላል መውጫ መፈተሻዎች ፒሲኦኤስ ላለባት ሴት ብዙ ጊዜ ያታልላሉ፤ ሆርሞኑ ሁልጊዜም ከፍ ያለ ሊሆን ስለሚችል በየቀኑ "ዛሬ ነው" ይላሉ። እሱን ትተሽ ከ10ኛው ቀን ጀምሮ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ከባለቤትሽ ጋር ሁኚ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ሌላም መንገድ አለ። በሆርሞን መርፌ የሚደረግ ሕክምና አለ፤ ከዚያ አልፎ ደግሞ አይቪኤፍ። በመንግሥት ደረጃ የመጀመሪያው የአይቪኤፍ ማዕከል በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተከፍቷል። አብዛኛው ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ግን እዚያ ሳትደርስ ነው የምታረግዘው።

ዛሬውኑ የምትጀምሪው አንድ ኪኒን ቢኖር ፎሊክ አሲድ ነው፤ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከእርግዝናው በፊት። በአገራችን የአከርካሪና የራስ ቅል ክፍተት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ብዙ ናቸው፣ ፎሊክ አሲድ ደግሞ ይህን ይቀንሳል። ስኳር ወይም ብዙ ክብደት ካለሽ ሐኪምሽ መጠኑን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ፈተናው ሁለት መስመር ያሳየሽ ቀን ሌትሮዞልም ክሎሚድም የለም፣ ፎሊክ አሲዱ ይቀጥላል። ሜትፎርሚኑን በድንጋጤ አትጣዪው፣ ሐኪምሽን ጠይቂ። በኖርዌይ፣ በስዊድንና በአይስላንድ ፒሲኦኤስ ባለባቸው ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገ ጥናት በእርግዝና ሜትፎርሚን መቀጠል የእርግዝና ስኳርን እንዳልከለከለ አሳይቷል። ስለዚህ የስኳር በሽታ ከሌለ ብዙ ሐኪሞች ያቆሙታል፤ እርግዝናው ላይ እያለ ቢወሰድም ግን የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። ስድስትና ሰባት ሳምንት ላይ አልትራሳውንድ ተነሺ፣ ፅንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑና ቁጥሩ ይታይ። ከዚያ በፊት ከባድ የሆድ ሕመም ወይም ደም ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።

የቀረው "ባለቤቴን ምን ልበለው" የሚለው ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን አሳዪውና የካንሰሩን ነገር እኔ እንደነገርኩሽ ንገሪው። ቀጥሎ የዘር ፈሳሽ ምርመራ እንዲያደርግ ጠይቂው። ከሦስት ጥንዶች ቢያንስ በአንዱ የወንዱም ድርሻ አለበት። "እኔ ጤነኛ ነኝ" ማለት ምርመራ አይደለም። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ታቅቦ አንድ ጠዋት ብቻ ነው የሚፈጅበት። እሱ ሳይመረመር አንቺ አራት ወር ክሎሚድ መዋጥሽ ትክክል አልነበረም። ለአማትሽ ደግሞ የምትመልሰው አንቺ አይደለሽም፤ እናቱ ናት፣ እሱ ይንገራት።

ባለቤትሽ እምቢ ካለ ይህን ጽሑፍ ላኪለት። የዘር ፈሳሽ ምርመራ እንዴት እንደሚሰጥና ውጤቱ እንዴት እንደሚነበብ በሚቀጥለው ሳምንት ለወንዶቹ እጽፋለሁ። ኪኒኑን አትጣዪው፤ የወር አበባሽ ሲመጣ የመጀመሪያውን ቀን ስልክሽ ላይ መዝግቢና ያዘዘልሽን ሐኪም ደውለሽ አነጋግሪ።